የመጨረሻው እጅ

ፊት ለፊት «ቀስቃሿ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «መቀስ»። ሁለቱም ስም ከሥራዋ የመጣ ነው። የመጀመሪያውን ትወደዋለች። ሁለተኛውን ያወጣውን ሰው ግን እስከ ዛሬ እየፈለገችው ነው፤ ያገኘችው ዕለት እሱን አያድርገኝ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ዛሬ ዛሬ ድርጅት ሁሉ ሰርቨር ገዝቶ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጡን ትቶ፣ ክላውድ ከሚሉት፣ ሩቅ ካለ የማሽን መጋዘን ይከራያል። የሚከራየው ማሽን አይዳሰስም፤ አንድ ትልቅ ማሽን በውስጡ ብዙ ሆኖ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱም የሚነሳው ኢሜጅ ከሚባል ፋይል ነው። ለመነሳት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ከአንድ ኢሜጅ አንድ ማሽን ማስነሳት ይቻላል፤ መቶም ማስነሳት ይቻላል። ኢሜጁ ደህና ከሆነ ሁሉም ይነሳሉ፤ ከታመመ ሁሉም በአንድ አፍ አንነሳም ይላሉ። ያን ጊዜ ሰው ወደ እሷ ይሮጣል።

መኪና አልነሳ ሲል እኮ ደግ ነው። ኮፈኑን ትከፍታለህ፣ ሰው ጠርተህ ታስገፋለህ፣ ሌላው ቢቀር ጎማውን በእርግጫ ብለህ ንዴትህ ይወጣልሃል። ይሄኛው ኮፈን የለው፣ ስክሪን የለው፣ የሚረገጥ ጎማ የለው። ቀጥ ከማለቱ በፊት የጻፋት ጥቂት መስመር ብቻ ናት የምትቀርህ። እሷ ያችን መስመር ታነብና ከንፈሯን ትነክሳለች። ከዚያ የሞተውን ማሽን ዲስክ ነቅላ ጤነኛ ማሽን ላይ ትሰካዋለች፤ መንቀሉም መሰካቱም በትእዛዝ ነው እንጂ በእጅ አይደለም። ጤነኛው ላይ ሆና የሞተውን ሆድ ዕቃ ትበረብራለች፣ የተሰበረውን ትጠግናለች፣ ዲስኩን ወደ ቦታው ትመልሳለች፤ ማሽኑም ይነሳል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሥራ የሚስተካከላት አልነበረም።

ምላሷ ግን ምላጭ ነው። አንዷ ባልደረባዋ የይለፍ ቃሏን ኢሜጅ ውስጥ ረስታ ብትልክ፣ «እናትሽ ቤትም በሩን በርግደሽ ነው የምትተኚው?» አለቻት በሰው ፊት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነው የምትበላው። ቀስቃሿ በአጠገቧ ስታልፍ ታያታለች። አልቆጫትም፤ እንዲያውም ሰው ከስህተቱ የሚማረው ሲያፍር ነው ብላ ታምናለች።

«የመጨረሻው እጅ» የሚባለውን ደንብ ያወጣችውም እሷ ናት። በፊት ኢሜጅ በተበላሸ ቁጥር አንዱ በሌላው ያላክክ ነበር፤ ገላገለቻቸው። ኢሜጁን ዘግቶ የሚልከው ሰው ከመዝጋቱ በፊት አስነስቶ ያየዋል፤ ከላከው በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው። ማን ነካው፣ ማን ጨመረበት፣ ማን ቀነሰለት የሚባል ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ደንቡን ወደደው፤ ከማሰብ ስለሚያድነው ነው።

ዋርሳዋ፣ የታናሽ እህቷ ባል፣ የተቀጠረው እንግዲህ እዚህ ቤት ነው። ያስገባችውም እሷ ናት። ሰውየው ከዚያ በፊት የያዘው ሥራ ሁሉ ከእጁ ወጥቷል፤ አንዱ ድርጅት ተዘጋ፣ የአንዱ አለቃ ጠላው፣ አንዱን ራሱ ተወው። ለሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። ግን በምክንያት ልጅ አያድግም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ» ትል ነበር ታናሽየዋ፤ «የኔው ጭራሽ ከጅቡ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል።» ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ ታላቅ እህቷ ቤት ተቀምጠው፣ ሁለቱ ልጆች እየሰሙ፣ ቁርጡን ነገረችው። «ይሄንንም ካጣህ ልጆቼን ይዤ እትዬ ቤት እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔም የለሁልህ፣ ምክንያትም አልሰማህ።» አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ያለችውን የምታደርግ ሴት መሆኗን ሁሉም ያውቃሉ፤ በዚህ በዚህ ከእትዬዋ ጋር አንድ ናቸው።

እሱም ሥራውን ጥርሱን ነክሶ ያዘው። ዘገምተኛ ነው እንጂ ጠንቃቃ ነው፤ አንድ ኢሜጅ ሲዘጋ አንዴ ማስነሳት አይበቃውም፣ ይደግመዋል። «ቀስ በቀስ» የሚለውን ስም ያወጣችለት ራሷ ቀስቃሿ ናት፤ ቢሮው በሙሉ ተቀባበለው። መሥሪያ ቤት ውስጥ እትዬ እንዳይላት ከልክላዋለች፤ ሲጨንቀው ግን ያመልጠዋል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ደረሰ። ደንበኛቸው አገር አቋራጭ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሰው ሲበዛ ማሽኑም በራሱ ይበዛል፤ ጠዋት የትኬት መስኮቶቹ ሲከፈቱ አዳዲሶቹ ማሽኖች ከኢሜጁ እየተነሱ ነባሮቹን ያግዛሉ። ለዚያ ሳምንት ግርግር አዲስ ኢሜጅ ታዘዘ፤ ሠሪው ቀስ በቀስ ነው። ሠራው፣ አስነሳው፣ እንደ ልማዱ ደግሞ አስነሳው፤ ምንም አልጎደለውም። ከመላኩ በፊት ዓይን እንድትጥልበት ሰጣት።

ከፍታ ስታየው ፊቷ ተኮሳተረ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ጓዝ? ቤት እየለቀቅህ ነው?»

መቀስ ያሰኛት ይኸው ነው፤ የከበደ ኢሜጅ አትወድም። የቀለለ ቶሎ ይገለበጣል፣ ቶሎ ይነሳል፤ ሰው ያልደረሰበት ድረስ ማቅለል ኩራቷ ነው። ይሄን ቆረጠች፣ ያን ጣለች፤ ድራይቨሮቹ ጋ ደረሰች። ድራይቨር ማሽኑን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ለየዲስኩ ዓይነት የየራሱ አለው። የቢሮው መሞከሪያ ማሽን የሚሠራው በአንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ሥራ ፈት መሰሏት፤ ጠራረገቻቸው። ትኬት ሻጮቹ የተከራዩት አዲስ ዓይነት ማሽን መሆኑን፣ ዲስኩም የተለየ መሆኑን ታውቃለች፤ የመረጠችላቸው እሷ ናት። ግን መቁረጥ የለመደ እጅ ቆም ብሎ አይጠይቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

«ጨርሻለሁ። ዘግተህ ላከው» አለችው።

«አንዴ ላስነሳውና ልየው፣ እትዬ።»

«ጠዋት አላስነሳኸውም?»

«አስነስቼዋለሁ። ግን አሁን ነክተሽዋል። እዚህ ቢሮ ሳይሆን እዚያው፣ እነሱ የተከራዩት ማሽን ላይ ብሞክረው ብዬ ነው።»

የሁሉም ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አለ። ከወንበሯ ዞር አለችና ለቢሮው በሙሉ ተናገረች። «ሰማችሁ? ነክተሽዋል አለኝ። እጄ ይለክፋል ማለቱ ነው።» ሳቅ ሆነ። እሷም ሞቅ አላት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ያ እንቁላል ሄዶ፣ ጫጩት ሆኖ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ጠብሰው በልተውታል። ይሄ ሰውዬ ገና አስነስቶ ሊያየው ነው።» ቢሮው ፈነዳ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ከዚያ ኢሜጁን ዘጋውና በራሱ ስም ላከው።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ገና ከመክፈቷ ስልኩ ሁሉ ይጮሃል። አዳዲሶቹ ማሽኖች አንድ እንኳ አልተነሳም። ነባሮቹ ብቻቸውን ጭነቱ አልቻል ብሏቸው ተንበርክከዋል፤ አውቶቡስ ተራው ላይ ሰው ሻንጣውን ታቅፎ ቆሟል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ መስኮት የሚደበድብም አለ። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ እጁን ያፋትጋል። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

የሞተው ማሽን የተዋትን መስመር ከፈተች። ማሽኑ ነቅቷል፣ ያለውን ቆጥሯል፣ ከዚያ ዲስኩን መፈለግ ጀምሯል። ዲስኬን አላገኘሁም፤ እየጠበቅሁ ነው። አላገኘሁም፤ እየጠበቅሁ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል ቆይቶ ቀጥ ብሏል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አውቃለች።

ቢሆንም ዲስኩን ነቅላ ጤነኛው ላይ ሰካችው፤ ከፈተችው፤ ድራይቨሮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ድረስ ሄደች። ከአንዱ በቀር ባዶ ነው። ቀስ በቀስ ከኋላዋ ቆሟል። ባዶውን እሱም አየ፤ ትንፋሹ ሲቋረጥ ጆሮዋ ሥር ሰማችው። ትናንት እሷ ስትጠራርግ አጠገቧ ቆሞ ስለነበር የሚነገረው ነገር አልነበረም። ፊቷን ሳታዞር «ውሃ አምጣልኝ» አለችው። ሄደና አመጣላት።

የጣለችውን መለሰች፣ የማስነሻውን ክፍል እንደገና ሠራች፣ ዘጋች፣ በደንቡ መሠረት አስነስታ አየችው። ተነሳ። አንዱ ተነሳ፣ ሁለተኛው ተነሳ፣ ከዚያ ተከታትለው ተነሱ። ቢሮው አጨበጨበ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ላቡን ጠረገ፤ ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «የመጨረሻው እጅ የማን ነው?»

የሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ብቻ ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ።

«ሳታስነሳ ነው የላክኸው?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለ ቀስ በቀስ።

«ለምን?»

ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ የክስ አልነበረም፤ ተናጋሪዋ እሷ ስለሆነች እንድትናገር መጠበቁ ነበር። መናገሯን አልተጠራጠረም። ይሄን ሰው ሞኝ የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን እዚህ ላይ ልቤ ይቃጠላል፤ ብትናገር ምን ትሆን ነበር? እሷን የሚያባርር አልነበረም፤ ያለሷ ቤቱ አንድ ቀን አያድርም። አንድ ሳምንት ይሳቅባታል። ያችኛዋ ሴትዮ ምሳዋን ይዛ ከደረጃው ትመለስ ይሆናል። ስለ ዶሮና እንቁላል አንዱ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። በቃ፣ ይሄው ነበር። በሌላው ወገን ያለው የእህቷ ትዳር ነው፤ ይሄንንም አውቃለች፣ በደንብ አድርጋ ነው ያወቀችው። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ሳቁ መጣባት፤ ትናንት ለሷ የሳቀው ቢሮ ዛሬ በሷ ሲስቅ ታያት። ፈራች። የፈራችው ሳቅ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

«ቸኩዬ ነው» አለ በመጨረሻ ቀስ በቀስ፣ መጠበቁ ሲበዛበት።

«አንተ? አንተ ቸኮልክ?» ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ዘመድሽም ነው። አንቺው ፍረጂ።»

«ደንቡ ግልጽ ነው» አለች። «የመጨረሻው እጅ የሱ ነው።»

አንዲት ቃል አልዋሸችም። እጁ የሱ ነበር፤ ሳያስነሳ ልኳል፤ ደንቡም ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጁ ትኬት ሻጮቹ ሰው ይባረርልን እንዳሉ፣ እሱም በግሉ እንደሚያዝን ተናገረ፤ ማዘኑ ረጅም አልነበረም። ቀስ በቀስ ተነስቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ዕቃውን በፌስታል ይዟል፤ ኩባያውንና የጥርስ ብሩሹን ከነሳሙናው።

«እትዬ» አላት።

«መሥሪያ ቤት ውስጥ እትዬ አትበለኝ አላልኩህም?» አለችና አለፈችው።

የሚገርመው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላችው። ለምን እዚያው አልተናገረም? ወንድ አይደለም እንዴ? ባፉ ቢናገር እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ እሷም ክፉ ሰው አትሆንም ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለች ጥፋቱን ከራሷ ላይ አንስታ እዚያው ፌስታሉ ውስጥ ከተተችለት። ሳምንቱ ሲያልቅ ራሷም አመነችው፤ ሰው ለራሱ ሲፈርድ ችሎቱ አጭር ነው።

ታናሽየዋ ያለችውን አደረገች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ሻንጣና አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ይዛ በሩን አንኳኳች። ገና እንደተቀመጠች ንዴቷ ገነፈለ።

«ያደረገውን ብነግርሽ አታምኚም፣ እትዬ። ሥራውን ማጣቱ ሳያንስ ባንቺ ሊያላክክ! እትዬ ናት የቆረጠችው፣ አታስነሳው ያለችኝም እሷ ናት ይለኛል። አሥር ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ስሰማ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ጉሮሯችንን በከፈተችልን ሰው? በሩን ዘጋሁበት።»

«ተይው» አለች ታላቅየዋ። «ተጨንቆ ነው፤ የሚለውን አያውቅም።»

ይቅር ባይ ሆና አረፈችው። ታናሽየዋ እጇን ስማ አለቀሰች።

ባልየው ሁለት ጊዜ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ታላቅየዋ ወጥታ «አሁን አትፈልግህም፣ ጊዜ ስጣት» ብላ መለሰችው። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወንድሙ ወዳለበት ሌላ ከተማ ሄደ። ስልክ ሲያበዛ ለታናሽ እህቷ አዲስ ቁጥር አወጣችላት። «እረፊ እስቲ ትንሽ» አለቻት። ስለዚህ የቀረው መንገድ የታላቅየዋ ስልክ ብቻ ሆነ።

ክፉው ነገር፣ ደስ አላት። ሁለት ክፍል ቤቷ ሞላ። ከሥራ ስትመጣ ትንሽየዋ ልጅ ሮጣ እግሯ ላይ ትጠመጠማለች፤ ትልቁ የቤት ሥራውን ይዞ ይጠብቃታል፤ እህቷ ልብሷን ተኩሳ ታቆይላታለች። ለልጆቹ ስታስረዳ ምላሷ ምላጭ አልነበረም። ያየ ሰው ቢኖር ሌላ ሴት ናት ይል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እህቷ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ሳለ ስልኳ ጠራ። እሱ ነው። ሁልጊዜ ትዘጋበታለች፤ ዛሬ ለምን እንዳነሳችው እሷም አታውቅም፤ ምናልባት ልቧ ሞልቶ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

«እትዬ፣ እባክሽ አትዝጊው» አለ። ድምፁ ከስቷል። «ሥራውን ተዪው፤ እሱን አልጠየቅሁሽም። ለሥራ አስኪያጁም ለማንም አትናገሪ። እዚህ የማራገፍ ሥራ ይዣለሁ፣ አላማርርም። ለሷ ብቻ ንገሪያት። እኔን አታምነኝም፤ እውነቷን ነው፣ ምክንያቴን በልቼ ጨርሻለሁ። አንቺን ግን ታምናለች። አንድ ቃል ነው፣ እትዬ። ዋሽቶሽ አይደለም በያት። ባትመለስም ትቅር፤ ውሸታም ነው እያለች ልጆቼን አታሳድግብኝ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ይሄንንም አልደብቅላትም። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስትል እህቷ ባዶውን የልብስ ሳፋ በወገቧ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ እምነት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ያን ፊት ማጣት ከቢሮው ሳቅ የባሰ መስሎ ታያት።

«ተሳስተዋል፣ ወንድሜ» አለች በስልኩ ውስጥ፣ ረጋ ብላ። «የፈለጉት ሰው እዚህ የለም። ቁጥሩን ደግመው ይዩት።»

በወዲያኛው ጫፍ «እሺ፣ ይቅርታ» አለ፤ ሞኝ ነው አላልኳችሁም? ስልኩን ዘጋች።

«ማን ነበር?» አለች ታናሽየዋ።

«ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው።»

ታናሽየዋ ሳፋውን መሬት አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «እሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እትዬ። እንዳትስቂብኝ እንጂ፣ ዛሬ ቢደውል ኖሮ አናግረው ነበር። ልጁም አባቴ አባቴ ማለት አብዝቷል። የኔን ቁጥር እንደማያውቀው አውቃለሁ፤ ባንቺ ይደውላል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ደውሎልሽ ያውቃል?»

ታላቅየዋ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችና የእህቷን ጠጉር ዳበሰቻት።

«እሱማ» አለቻት፣ «ቢፈልግሽ ኖሮ ይደውል ነበር።»